ከበር ጀርባ ያለው ድምፅ

ለልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉሮሮሽስ? ስለ ጉሮሮሽ አስቀድሜ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፣ እደርስበታለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ እጄ መላጊያ ከያዘ አሁንም አይንቀጠቀጥም። ዓይኔ ለቅርብ መነጽር ይፈልጋል፣ ለሩቅ አይፈልግም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። "አባትሽ እንደ ድሮው ነው፣ አልተሻለውም ብለህ ጻፍላት" አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሉታል ትይ ይሆናል። በስልክ ከተነጋገርን ወይ አንቺ ትዘጊዋለሽ ወይ እኔ እዘጋዋለሁ፤ ሁለታችንም መዝጋት እንችልበታለን። ደብዳቤ ግን ሰው ቢናደድበትም አጥፎ ያስቀምጠዋል፣ ውሎ አድሮም ያነበዋል። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያልሽ ትተርቺኝ ነበር። አሁን ሁለታችንም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተናል፣ እኔም ወረቀቱም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የምጽፈው። ይቅርታ ጠይቂኝ ልልሽም አይደለም። እናትሽ ትዘፍነው የነበረው የበር ዘፈን ሳይዘጋ በየሰው ጆሮ ሊበተን ነው፤ ይህ እንዳይሆን አንቺ ታስፈልጊኛለሽ። ጉዳዩ ይኸው ነው። የቀረውን እንደ አመጣጡ ልንገርሽ፤ ግማሹን አታውቂውም፣ ግማሹን ደግሞ ተቆጥተሽ ስለነበር አልሰማሽውም።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። ዕድሜዋ ካንቺ ብዙም አይርቅም። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትሄደው፤ ስሟን ነግራኛለች፣ እኔ ግን በልቤ "መነጽሯ" ብዬ ይዣታለሁ። በር ልታሠራ የመጣች መስሎኝ ቁመቱንና ስፋቱን ጠየቅኋት። "አባባ፣ እኔ የምፈልገው የሙት ዘፈን ነው" አለችኝ። "የሬሳ ሣጥን አልሠራም፣ በርና መስኮት ብቻ ነው" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ሥራዋ ሙታን የሚናገሩባቸውን የድሮ ዘፈኖች እየዞሩ መሰብሰብ ነው። ዛሬ ወጣቱ እነዚህን ዘፈኖች እንደ አዲስ ወዷቸዋል አለች። ጆሯቸው ላይ ሰክተው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ሙት ሲጣራ ይሰማሉ። ለምን? አልኳት። "ሲፈሩ ደስ ይላቸዋል" አለች። "እንግዲያው ውሻ ይለቀቅባቸው" አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ደህና አድርጋ አየችኝና "እርስዎ የሚያውቁትን ይንገሩኛ" አለች። ጎበዝ ናት። ሰው ሲያናድዳት አትናደድም፣ ትጠይቃለች።

ነገርኳት። ላንቺም ልጽፈው፤ እናትሽ የነገረችሽ ቆራርጣ ነው።

የእናትሽ ቅድመ አያት ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ድንጋይ የሚያወጡበት ካባ ተናደና ከነጓደኞቻቸው ዋጣቸው። አስከሬን አልተገኘም። አስከሬን ስለሌለ ቀብር የለም፤ ቀብር ስለሌለ ሚስቶቻቸው የሚያለቅሱበት ቦታ አጡ። "ሞተ" እንዳይሉ አላዩም፣ "ይመጣል" እንዳይሉ ያውቃሉ። እንደዚህ ሆነው ሲከርሙ አንዷ ሚስት ተነስታ የመሣሪያ ማስቀመጫው ጎጆ ውስጥ ገባችና በሩን መለስ አደረገችው። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ሆና በባሏ አንደበት ትጠይቅ ጀመር። ጣሪያው ያፈሳል ወይ? ያቺ ዶሮ እንቁላል ጣለች ወይ? ልጁ ጫማ ጠበበው ወይ? ከውጭ ያሉት ሴቶች በለቅሶ ድምፅ መለሱላት። ጥያቄው በዜማ ሆነ፣ መልሱም በዜማ። ሲበቃ፣ ከሁሉም ታላቅ የሆነችው ሴት የመሸኛውን ስንኝ አለችና በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ዘፈኑ አላለቀም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ዝም ይባላል። ከዚያ ከጀርባ የነበረችው ሴት ራሷ በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል፣ ሞታ ሳይሆን በሕይወት። ውጭ ያሉት "እንኳን መጣሽ" ይሏታል። ውኃ ይሰጧታል። ሙቱ ሄደ፣ ሴትዮዋ ቀረች ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ዘፈን ማስፈራሪያ አልነበረም፣ ቀብር ነበር።

ማስፈራሪያ ያደረጉት በኋላ የመጡት አዝማሪዎች ናቸው። ዘፈኑን ወደ መጠጥ ቤት ወሰዱት። ሰው ሲፈራ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይሸልማል። የሰንሰለት ድምፅ ጨመሩበት፣ የጉጉት ጩኸት ጨመሩበት፣ የመጨረሻውን ግን ቆርጠው ጣሉት፤ ሴትዮዋ በሕይወት ከወጣች ማን ይፈራል? ቀጥሎ ጨዋ ነን ባዮች ተነሱና "ሟርት ነው፣ ሙት መጥራት ነው" ብለው ከየቤቱ አስወጡት። እናቶች ልብስ ሲያጥቡ በአፍንጫቸው ብቻ ያንጎራጉሩት ነበር። እንዲህ እየሳሳ መጥቶ ነው እናትሽ ጋ የደረሰው።

መነጽሯ ይህን ስትሰማ ጻፈች፣ ጻፈችና ቀና ብላ፣ "ታዲያ እርስዎ እንደሚሉት ማስፈራሪያ ካልሆነ ሰው ለምን ይወደዋል?" አለች። እንዲህ አልኳት። ሰው ሙት እንዳይመለስበት የሚፈራ ይመስለዋል። ውሸቱን ነው። የሚፈራው እንዳይቀር ነው። ጓዳ ውስጥ ኮሽ ሲል ልቡ ዘሎ የሚወጣው "ማነው?" ለማለት ብቻ አይደለም፣ "አንቺ ነሽ?" ለማለትም ነው። ዘፈኑ ይህቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ ሳያፍር እንዲጠይቃት ፈቃድ ይሰጠዋል። ፀጉር ሲቆም ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ ናፍቆት።

እኔ በሙት መንፈስ አላምንም። በደንብ በተገጠመ በር ግን አምናለሁ።

አንድ ነገር ልመንላት፤ መነጽሯ የማላውቀውን ስንኝ አመጣችልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ዘፍኜው እኔ ጋ ያልደረሰ፣ ሩቅ አገር ካለች አንዲት አሮጊት የሰማችው።

ጥላዬን ከግድግዳው አታጥፋው በኖራ፣
እሱ ብቻ ቀርቷል ከሰው የሚያወራ።

ቁጭ ብዬ ደግሜ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ይኸው የዚህን ክረምት ቀለም ሳልቀባ ቀረሁ። ልብስ ሰፊዋ "ግድግዳህ እንዳንተ ሸበተ" ትለኛለች። ትበል።

እናትሽን እንዴት እንዳወቅኋት ነግሬሽ አላውቅም። የምነግርሽ ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው። አባቷ ቤት በር ልገጥም ሄድኩ። መቃኑ ጠማማ ነበር፣ በሩ እየያዘ አስቸገረኝ። ውስጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ማጠፊያ ሳጠብቅ ከበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ እንዲህ አለ፦

ክፈትልኝ አልልም በሩማ ክፍቱን ነው፣
የገባሁበት ቤት የጠበበኝ ምን ነው?

መዶሻው እግሬ ላይ ወደቀ። ከጀርባ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣችና "እንኳን መጣሽ በለኝ እንጂ፣ ምነው ትገረጣለህ?" አለችኝ። በሙትነቷ ፈራኋት፣ በሳቋ አገባኋት። ከፊቷ በፊት ያወቅሁት ድምጿን ነው። የሕያዉን ቃል ያስተማረችኝም እሷው ናት፦

ማነሽ እንዳልልሽ ድምፅሽን አውቃለሁ፣
ግቢም እንዳልልሽ አፈር መልሻለሁ።

ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ፣ እሷ ከመካከለኛው ክፍል በር ጀርባ ሆና ስንዘፍነው ነው ያደግሽው። የሚጠራን ለቅሶ ቤት ሲገኝም እዚያ እንዘፍነው ነበር። ጠረጴዛው ሥር ተደብቀሽ ትሰሚ ነበር። አንድ ስንኝ ላይ ሁልጊዜ እግሯን ለመያዝ ትሮጪ እንደነበር ታስታውሻለሽ?

ኩራዙ ቢጠፋ እኔው ነኝ እፍ ያልኩት፣
ልጄን ላለብሳት ነው ብርድ ልብስ የነካሁት።

እናትሽን የቀበርን ዕለት ያልኩሽን አልረሳሁም፤ አንቺም እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር። በሩ ጀርባ ቁሚ አልኩሽ። "እናቴን ጧት ቀብሬ ከሰዓት እሷን ልሁን?" አልሽኝ። ዘፈኑ ሁለት ድምፅ ነው፣ ያላንቺ አይሆንም አልኩ። "እንግዲያው ይቅር" አልሽ። ይቅር አልኩ። ቀረ። በማግስቱ ሻንጣሽን አንስተሽ ስትወጪ፣ "ለሰው ሙት ሁሉ ስትዘፍን ኖረህ ለእናቴ ጊዜ ጉሮሮህ ተዘጋ" አልሽኝ። አልመለስኩልሽም ነበር። አሁን ልመልስልሽ። ጉሮሮዬ አልተዘጋም። ከባዶ ክፍል ፊት ቆሞ መሸኛ አይባልም፤ ማንን ነው የምትሸኚው? ከጀርባ የሚወጣልሽ ሰው ከሌለ በር የምትዘጊው ለምንድን ነው? ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም፣ እኔ አላፈርሰውም።

ከዚያ ወዲህ ያ በር አይዘጋም። እርጥበት ገብቶት እንጨቱ አብጧል። በር ሠሪ ሆነህ የራስህን በር አትጠግንም ወይ ብላ ልብስ ሰፊዋ ትስቅብኛለች። የሰው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

መነጽሯ ዘፈኑን እንቅረጸው አለች። እሺ አልኩ፤ እኔ ስሄድ አብሮኝ እንዳይቀበር። ወሰደችኝ። ቤቱ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፣ ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል፣ ፍራሽ ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። ድምፅ የሚቀርጸው ልጅ ቤት ውስጥም ኮፍያውን አያወልቅም፤ ኮፍያው እንበለው። የክፍሉ በር ወፍራም ነው፣ ጠርዙን ጎማ ዞሮታል፣ ሲዘጋም ሲከፈትም ዲዳ ነው። በዚህ በር ማንም አይሸኝም አልኩት። "ጋሼ፣ የበር ድምፅ ማሽኑ ውስጥ ሞልቷል፣ የወደዱትን ይምረጡ" ብሎ ያሰማኝ ጀመር። አንዱ ሲጢጥ ይላል፣ አንዱ ያጓራል፣ አንዱ እንደ ጅብ ይስቃል። "እነዚህ በሮች አንዳቸውም ቤት የላቸውም" አልኩት። አልገባውም። ነገ በሬን ይዤ እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። የቀለድኩ መሰለው።

የመካከለኛውን ክፍል በር ከማጠፊያው ፈታሁት። የሚቆምበት መቃን ከነእግሩ ሠራሁለት። በእጅ ጋሪ ጭኜ በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አቋረጥኩ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባላል፤ በር ይዞም መሸሸግ የለም። አንዱ ከሱቅ ብቅ ብሎ "አባባ፣ ቤቱ የታለ?" አለኝ። "ከኋላ እየመጣ ነው" አልኩት። ሕንፃው ጋ ስደርስ ዘበኛው "በር ይዞ በበር መግባት ክልክል ነው" ብሎ ቀለደ፤ ወዲያው ግን ቆቡን አስቀምጦ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። አሳንሰሩ አልበቃ ስላለን በደረጃ ወጣን። ጉልበቴ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

ኮፍያው በሩን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አንዴ ከፈት መለስ አድርጎ ማጠፊያው ሲንቋቋ ሲሰማ ሳቁን ተወና ማይክራፎኑን አንስቶ ወደ በሩ ጀርባ አዞረው። "ድምፁን ከዚያ ወገን ልያዘው፣ ሙቷ ቅርብ ትሁን፣ እርስዎ ራቅ ይበሉ" አለ። ተከራከርኩት። አሰማኝ። ልክ ነበር። ልክ ነህ አልኩት። ይህን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደምቸገር አንቺ ታውቂያለሽ።

የሙቷን ድምፅ መነጽሯ ልትዘፍን ቆመች። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ትንፋሿ አያልቅም፣ ቃሉን አትውጥም። ምንም እንከን አላወጣሁላትም። ጀመርን። ጠየቀች፣ መለስኩ። ስለ ኩራዙ ስትል እንኳን አልተደናቀፍኩም። መጨረሻው ደረሰና የመሸኛውን የመጀመሪያ መስመር አልኩ፦

የረሳሽው ካለ ውሰጂው ከደጄ፣

እጄን በሩ ላይ አደረግሁ። በሩ አልዘጋ አለ። ገፋሁት፣ አልሄደም። "ያበጠ እንጨት ነው" አልኳቸው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። እዚያው ላይ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከርን፣ እንደዚያው ሆነ። ኮፍያው ከመስታወቱ ክፍል ወጥቶ መጣ። በሩን በአንድ ጣቱ ገፋው። ገጭ ብሎ ተዘጋ።

ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። "ውኃ ልጠጣ" ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ የተቀረጸውን አሰሙኝ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ አንድ ነገር ጀምሮ ሲተወው ሰማሁ። ሰውዬውን አልወደድኩትም። ኮፍያው ግን ዓይኑ በርቷል። "ጋሼ፣ እንዲህ እንዳለ ይቅር። ሰሚው 'አሁን ይዘጋዋል፣ አሁን ይዘጋዋል' እያለ ነፍሱ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች። እኔ ብዙ ሰምቻለሁ፣ እንደዚህ ያስፈራኝ የለም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያስፈራል። አልዋሽም፣ እኔም ፈራሁ። ግን አይሆንም አልኩት። ሙት ጠርተን ደጅ አቁመን ወደየቤታችን ልንሄድ ነው? የእናትሽ ዘፈን ሳይሸኝ በየአውቶቡሱ በየሰው ጆሮ ሲንከራተት ይኑር? ያልተገጠመ በር ከሥራ ቤቴ ወጥቶ አያውቅም፣ ይህም አይወጣም አልኩ።

ተጨቃጨቅን። እሱም የዋዛ አይደለም። ሌሎቹ ዘፈኖች አልቀዋል፣ ሁሉም አብረው የሚወጡት በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ የተዘጋ ካመጡ የተዘጋው ይወጣል፣ ካላመጡ ይኸው ክፍቱ ይወጣል አለ። ይህ ከመጀመሪያም የተስማማነው ስለሆነ አፌን ያዝኩ። መነጽሯ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝና ቀስ ብላ "አባባ፣ ያስቸገረዎት የእኔ ድምፅ ይመስለኛል። ሌላ ድምፅ የለም?" አለችኝ። አለ፣ ግን ባለቤቷ ግትር ናት አልኳት። "በማን ወጥታ?" አለች። ይህችን ልጅ ብታገኚያት ትግባባላችሁ።

እንግዲህ ወዳንቺ መጣሁ።

ያኔ ያልሽኝን ሌላ ነገር ደግሞ አልረሳሁም። "አንተ የምትፈልገው እናቴን ነው፣ እኔን ጉሮሮ አድርገህ" ብለሽኝ ነበር። ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ዘፈኑ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ የቆሙት ሰዎች ድምፅና ሰው እንዳያምታቱ። ከጀርባ ያለችው ሙቷን ትመስላለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ራሷን ሆና ትወጣለች። "እንኳን መጣሽ" የምትባለው ሙቷ አይደለችም። ይህን በእናትሽ የሕይወት ዘመን ሁሉ ሰምተሽዋል፣ ግን ጠረጴዛ ሥር ስለነበርሽ ማን ምን እንደተባለ ሳታዪ ቀርተሽ ይሆናል። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ ይኑርሽ።

ደግሞ ይህ ሥራ ላንቺ እንግዳ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መናኸሪያው ውስጥ ከግድግዳ ጀርባ ቁጭ ብለሽ የማታዪውን ሰው ትሸኚያለሽ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ድምፅ ማጉያውን ያያል፣ አንቺን አያይም። "የመጨረሻ ጥሪ ነው፣ በሩ ሊዘጋ ነው" ስትይ ሻንጣ የያዘ ይሮጣል፣ የሚሸኝ ያለቅሳል። እናትሽ "ክፈትልኝ አልልም" ስትል ድምፅዋ መጨረሻ ላይ ዝቅ እንደሚል ነው አንቺም "ሊዘጋ ነው" ላይ ዝቅ የምትይው። ማንም አላስተማረሽም። ያኛው ግን የሷ ነው፤ "ጠፍቶ የተገኘ ሻንጣ" ስትይ ሳቅሽን የምትይዢው የራስሽ ነው፣ እሷ እንደዚያ ሳቅ መያዝ አትችልም ነበር። እኔ ልዩነቱን አውቃለሁ።

የመናኸሪያውን ኃላፊ ካገኘሽው ይህን ንገሪልኝ። ከአምስተኛው መውጫ ፊት ለፊት፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር በግራ በኩል አንድ ጣውላው ተነቅሏል። ሚስማር እየመቱበት ነው፣ ሚስማር ደግሞ እዚያ አይይዝም፤ ብሎን ይግባበት። ብዙ የሚቀመጥበትን ሰው ሱሪ ይቀድዳል። ሌላው፣ እሑድ ጧት ድምፅሽ ይሻክራል፣ ሰሞኑን ደግሞ በጥሪው መሀል ሁለቴ አስሎሻል። ሙቅ ውኃ ጠጪ። ጉሮሮሽን ያልኩሽ ስለዚህ ነው።

የምትመጪ ከሆነ ከወሩ መጨረሻ በፊት ባለው በየትኛውም ቅዳሜ ይሁን፤ ኮፍያው ቅዳሜ ክፍሉን ባዶ ያደርግልናል። ክፍልሽ እንዳለ ነው። ጣሪያውን ደፍኜዋለሁ፣ አያፈስም። አልጋሽ ላይ መጋዝና ጣውላ አስቀምጬ ነበር፣ አንስቻለሁ። እንድትሰነብቺ አልለምንሽም፤ ዘፍነሽ በመጣሽበት አውቶቡስ መመለስ ትችያለሽ። ያን ቀን የሚያሰናብትሽ ድምፅ የሌላ ሰው ይሆናል፣ እሱን ለመስማት መናኸሪያ ድረስ አብሬሽ እመጣለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

በሩን ከዚያ መልሼ አምጥቼዋለሁ። ያበጠው እንጨት ነው ብዬ የለ፣ ስለዚህ በመላጊያ ላግሁት። ትንሽ ነው የወጣለት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ማጠፊያውን ዘይት አልቀባሁትም፣ መንቋቋቱ ያስፈልጋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ መካከለኛው ክፍል መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ፊቱ ቆሜ ሁለቱንም መስመር ሳላቋርጥ አልኩ፣ በትክክል እንደሚባለው፦

የረሳሽው ካለ ውሰጂው ከደጄ፣
በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ በእጄ።

እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሩን ግን አልነካሁትም። ከጀርባ ሰው የለም፣ ሥርዓት ነው። አንቺ ከቆምሽ እዘጋዋለሁ። ቃሌ ነው። በአንድ ጣት ሳይሆን በሙሉ እጄ፣ ገጭ እስኪል። ከዚያ ዝም እላለሁ፣ አንቺ እስክትከፍቺው ድረስ።

የእናትሽ ምርቃት ይድረስሽ። ሰው የምትሸኚበት አንደበትሽ አይድከም፣ የምትሸኚያቸው ሁሉ በሰላም ይግቡ። ክፉ ከደጅሽ ይራቅ፣ ደግ ሳያንኳኳ ይግባልሽ። ለራስሽ ካልሽ ለጉሮሮሽ ልብስ ደርቢ።

አባትሽ

በሩ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ ልግጠም ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ከዚያኛው ወገን ለሚከፍተው ሰው እንዳያስቸግር።